የዲቲ 175 ሞተር በቻይና 125 ሻንሲ ላይ ልጭን ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነኝ። ቻይና ሠራሽ 125 ሞተር ሳይክል አለችኝ። ፒስተኑን የሚይዘው ቢዬላዋ ተሰብሮ ካርተሩን፣ የሞተሩን የታች ቤት ማለት ነው፣ በስቶ ወጥቷል። ሌላው አካሏ ደህና ነው። ሻንሲዋ አልተጣመመም፣ ቸርኬዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሊብሬዋም በስሜ ነው። ያንኑ ዓይነት ሞተር ገዝቼ ልመልስላት እችላለሁ። ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለውን ዓይነት ሞተር፣ ልጭንባት እፈልጋለሁ።

ሁለት ምርጫ አግኝቻለሁ። አንደኛው የያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ከሸጠው ሞተር ሳይክል የወጣ ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። በእግር ስመታው ጥሩ እምቢታ አለው። ካርቡራተሩና የካንዴላውን እሳት የሚያዘው ሲዲአይ አብረው አሉ። ማርሚታውም አለ፣ ግን ትንሽ ተጨርምቷል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ የዋይዜድ 125 የክሮስ ውድድር ሞተር ነው። ያየው ሁሉ «አውሬ ነው፣ እሱን ውሰድ» ይለኛል።

የምነዳው ከተማ ውስጥ ለሥራ ነው። አንዳንዴ በኮረኮንቹ ወደ ዘጌ እወጣለሁ። ጢስ አባይም እሄዳለሁ። እናቴ ደብረ ታቦር ናት፤ እሷን ሳይ ደርሶ መልስ አስፋልት ነው። ገንዘቤ ለአንድ ጊዜ ሥራ ብቻ ነው የሚበቃው። ሁለቴ መሥራት አልችልም።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። የትኛውን ልውሰድ? ሻንሲዬ ከፊት አንድ ቱቦ ይወርዳል፤ ከታች ግን ክፍት ነው፣ ሞተሩ ራሱ ነበር ከፊትና ከኋላ ይዞ የሚያገናኘው። ዲቲው እዚያ ላይ ይቀመጣል? ዘይቱንስ ምን ላድርግ? ሐይቁ ዳር ያሉት ጀልባዎች ቱ ስትሮክ ስለሆኑ ዘይት ከነሱ አገኛለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

ያደግኩት ገጠር ነው። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ በያማሃው ሲመጣ አቧራው ሳይታየን በፊት ድምፁን እንለየው ነበር። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጀመረኝ ከዚያ ነው።

ክሮሰር፦

ዋይዜዱን ውሰድ ወንድሜ። አንድ 125 ሞተር ከ30 ፈረስ ጉልበት በላይ ሲሰጥህ ምን ትጠብቃለህ? ክብደቱም ቀላል ነው። ዲቲ የሽማግሌ ሞተር ነው።

የድሮ ያማሃ፦

ልጄ፣ ዲቲውን ውሰድ። ምክንያቱን ልንገርህ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች ያማሃዎችን በመጠገን ነው። ኤጂ 100ም ዲቲም በእጄ ያልተፈታ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፎገራ ሜዳ ላይ በክረምት ዋልካ ውስጥ ተቀርቅረው መጥተውልኛል። ነድተዋቸው ሲወጡ አይቻለሁ።

የክሮስ ሞተር ጉልበቱ እውነት ነው፤ ክሮሰር አልዋሸህም። ግን ጉልበቱ ያለው ላይ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ነው የሚገኘው። አንተ ገበያው አካባቢ ከባጃጅና ከብስክሌት መሀል በሁለተኛ ማርሽ ስትጎተት ካንዴላው በዘይት ይታፈናል። ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፣ ራዲያተሩ ደግሞ ፋን የለውም። ቆመህ ስትጠብቅ ይፈላል። መብራት የሚሰጥ ኮይልም አልተሠራለትም፤ በውድድር ሜዳ መብራት ማን ይፈልጋል? ማታ ከደብረ ታቦር ስትመለስ ግን አንተ ትፈልጋለህ። የዋይዜድ መመሪያ መጽሐፍ ፒስተን በየስንት ውድድሩ እንደሚቀየር ነው የሚነግርህ። እያንዳንዱን ፒስተን ከውጭ እያስመጣህ ሥራ ልትሄድበት ነው?

ዲቲ ለዚህ ለኛ ኑሮ የተሠራ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1ን ሲያወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ መንገድም ጫካም የሚሄድ አንድ ሞተር ሳይክል። 175ቱ የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስታሰላው 171 ሲሲ ይመጣል። የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ከታች ጀምሮ ይጎትታል። የዘይት ፓምፕም አለው። ያማሃ አውቶሉብ የሚለው ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ከመበጥበጥ ያሳርፍሃል። ፓምፑን «ችግር ያመጣል፣ አውጣው» የሚልህ በያጅ አይጠፋም። እንዳትሰማው።

አሁን ወደ ሻንሲህ። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ያንተ ሻንሲ ከታች ክፍት ከሆነ የድሮው ሞተር የሻንሲው አካል ሆኖ ነበር የሚሠራው። ሸክሙ በካርተሩ በኩል ያልፍ ነበር። የዲቲ ካርተር ለዚያ አልተሠራም። እሱ ከታች የሚያቅፈው ሻንሲ ለምዷል። በላሜራ ብቻ ከፊትና ከኋላ አንጠልጥለህ ብትነዳው የሚታሰርባቸው የአሉሚኒየም ጆሮዎቹ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ከፊተኛው ቱቦ ጫፍ ተነስተው ከሞተሩ ሥር አልፈው የኋላ ሹካው አጠገብ የሚያርፉ ሁለት ቱቦዎች አስበይድ። ቱቦውን ከተጣለ የሞተር ሳይክል ሻንሲ ላይ ቁረጥ። የውሃ ቱቦ አታስገባ። ግድግዳው ለዚህ ሥራ አይመችም፣ ዚንኩም ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ በያጁን ይመርዘዋል። ቱቦው ከቱቦው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ይደገፍበት።

ሞተሩን ደግሞ በዓይን እያየህ መሀል ላይ አታስቀምጠው። ብዙ ሰው ሻንሲው መሀል ላይ ሲያርፍለት ደስ ይለውና ያስበይዳል። ከዚያ ካቴናው በየሳምንቱ ይወልቃል። መነሻህ የኋላ ጎማ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ቀጥ አድርገህ እሰረው። ከዚያ መስኮት ከሚሠሩት ሰዎች አንድ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ፕሮፋይል ተዋስ። የኋላው ስፕሮኬት ፊት ላይ አጣብቀህ ወደ ፊት ዘርጋው። የፊተኛው ስፕሮኬት ፊት እዚያ መስመር ላይ ማረፍ አለበት። ሞተሩ በዚህ ምክንያት ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሸሽ ምንም አይደለም። የሚገዛህ የካቴናው መስመር ነው።

ቀጥሎ ርቀቱ። የፊተኛው ስፕሮኬት የኋላ ሹካው ከሚታጠፍበት ፔርኖ በራቀ ቁጥር ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ካቴናው አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል። ስለዚህ ካቴናው ሹካውን ሳይነካ የሚቀርበውን ያህል አቅርበው። ውጥረቱን የምትለካውም ሞተር ሳይክሏ ቆማ አይደለም። የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹን ፍታና ሹካውን በእጅህ ከፍ አድርግ። የፊተኛው ስፕሮኬት መሀል፣ ፔርኖውና የኋላው አክስል አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ካቴናው በጣም የሚወጠርበት ቦታ ያ ነው። እዚያ ላይ ጥቂት ልል ካለ ሌላ ቦታ አይበጠስብህም።

ለልኬቱ ሙሉ ሞተሩን አትጠቀም። ባዶ የዲቲ ካርተር ፈልግ፤ የተሰነጠቀም ቢሆን ይሆናል። በእጅ ይያዛል፣ ይገለበጣል፣ እሳትም ቢረጭበት አያሳዝንም። ደህናው ሞተር ላዩ ላይ ተጭኖ አያስበይድ። ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ካለፈ ይበላሻሉ። ሲዲአዩም ከሻንሲው ተፈትቶ ሩቅ ይቀመጥ። መያዣ ሳህኖቹን በካርቶን ቅረጽ፣ ካርቶኑ ሲስማማህ በ6 ሚሊ ሜትር ብረት አስቆርጥ። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ቁጥሩ ቢያንስ 8.8 ተብሎ ይጻፍበት። ምንም ያልተጻፈበትን ቡሎን ለአጥር ተወው።

ማርሚታው። ይህን ልብ በልልኝ። የቱ ስትሮክ ማርሚታ ጭስ ማስወጫ ብቻ አይደለም። ሆዱ የሚሰፋውና መልሶ የሚጠበው በምክንያት ነው። ጭሱ ሲወጣ የሚፈጥረው ግፊት ከጠባቡ ጫፍ ተመልሶ ይመጣል፤ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ቦታ ጠበበኝ ብለህ ካሳጠርከው ወይም ቀጥ ያለ ቱቦ ከገጠምክ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ቤንዚኑም በከንቱ ይወጣል። የተጨረመተውን በጥሩ አቃኚ አስቀናው እንጂ አትቁረጠው። ከፊተኛው ቱቦ ጎን ሲያልፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

የጀልባ መካኒክ፦

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ዘይቱ ነው።

ወንድሜ፣ የኛን ዘይት እንዳትወስድ። እባክህ። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በጣና ውሃ ነው። ሐይቁን እየሳበ ስለሚሠራ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። የኛ ዘይት ለዚያ ነው የተሠራው፤ ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 ይላል። ያንተ ሲሊንደር በነፋስ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እጅግ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት የኛ ዘይት አይቋቋምልህም፤ ሪንጉ ይጣበቃል፣ ፒስተኑ ይቧጠጣል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ፈልግ። ለሞተር ሳይክል ማለት እሱ ነው። ጭሱም ያንሳል።

ፓምፑን ያማሃ ስለሆነ ብቻ አትመነው። ያገለገለ ነው፤ ስንት ጊዜ ሳይሠራ እንደቆመም አይታወቅም። የዘይቱን ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ፍታና ሞተሩ ሲሠራ ዘይት ሲንጠባጠብ በዓይንህ እይ። እስክታረጋግጥ ድረስ ቤንዚኑ ውስጥም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምር። ትንሽ ያጨሳል፣ ግን ሲሊንደር ያተርፍልሃል።

ቤንዚንም ከየትም አትግዛ። ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አንዳንዱ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነው። ለቱ ስትሮክ መርዝ ነው። በዳገት ላይ «ቃ ቃ ቃ» የሚል ድምፅ ከሰማህ አቁም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። የማርሽ ዘይት ስትቀይር የድሮውን ሐይቁ ዳር ላይ አትድፋ። ዓሣ የሚያወጡት ወንድሞቻችን በታንኳ የሚውሉበት ውሃ ነው። በጀሪካን አጠራቅመው፤ ለብየዳ ቤቶችና ለእንጨት ሥራ የሚወስዱት አሉ።

ሰሌዳ፦

ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ። ሊብሬህ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ አይደለም ያለው፤ የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተሩን ስትቀይር ቁጥሩ አይገጥምም፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብም ሆነ መንገድ ላይ ስትያዝ ጥያቄ ይነሳል። እኔ ባለቤቴ ሞተር ሲቀይር ወረቀቱን ስሯሯጥ የነበርኩት እኔ ስለነበርኩ ነው የምመክርህ። ከሻጩ ሦስት ነገር ተቀበል። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ የሸጠበትን ደብዳቤ፣ የዚያን ሞተር ሳይክል ሊብሬ ወይም ኮፒውን፣ ከዚያ በውልና ማስረጃ የተፈረመ የሽያጭ ውል። የሞተር ቁጥሩ ካርተሩ ላይ የተመታው ነው፤ በእጅህ ጠርገህ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ተፍቆ ወይም እንደገና ተመትቶ ካገኘኸው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተኸው ሂድ። እነዚህን ይዘህ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ፣ ብሩን ከዚያ በኋላ ክፈል።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲቲውን ወሰንኩ። እህቴ፣ ባልሽው መሠረት ቁጥሩን አመሳክሬዋለሁ፤ ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ነገ ቢሮ እሄዳለሁ።

ጋሼ፣ ባዶ ካርተር ከአንድ ጋራዥ ተውሼ በፕሮፋይሉ ለካሁ። እንዳሉት ነው። የካቴናውን መስመር ስከተል ሞተሩ ወደ ቀኝ 8 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ይህ ብዙ አይሆንም? ቻይናዋም ዲቲውም የሚጠቀሙት 428 ካቴና ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለም። ሌላው፣ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ያሳስበኛል። ካርቡራተሩን ለየትኛው ከፍታ ላስተካክለው? የፊት ፍሬኔ ደግሞ የድሮው ዓይነት ከበሮ ነው። ይበቃኛል ወይስ ልቀይረው?

የድሮ ያማሃ፦

ጎበዝ። ሳትበይድ መለካትህ ደስ ብሎኛል።

8 ሚሊ ሜትር ስትነዳ አይሰማህም። ግን ሁሉንም ሞተሩ እንዲሸከመው አታድርግ። የኋላውን ስፕሮኬት ፍታው። ከጎማው ጋር በሚያያዝበት ፊት መሀል ቶርኖ ቤት የሠራው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቀለበት ገብቶ ስፕሮኬቱን ወደ ውጭ ለማውጣት ቦታ ካለው ያን ያህሉን እዚያ ታገኛለህ። ከሌለው ተወው። ቶርኖ ሠራተኛው የቀለበቱ ሁለቱም ፊት እኩል መሆኑን በካሊፐር አራት ቦታ ለክቶ ያሳይህ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ የእግር ማስነሻውን አስብ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ማስነሻው ከቀኝ እግር መርገጫው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ባዶው ካርተር ላይ ማስነሻውን ሰክተህ ሙሉ ዙሩን በእጅህ አዙር። ከተጋጨ መርገጫውን ነው የምታዛውረው፤ ማስነሻውን አታጣምም።

ካርቡራተሩን ለባሕር ዳር አስተካክለው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው ዋና ጂግለር፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜ ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ አንድ ቁጥር ዝቅ አድርግ። ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ነው። እዚያ ስትደርስ ቤንዚኑ ትንሽ ይበዛበታል፣ ትንሽ ያፍነዋል፣ ጉዳት ግን የለውም። አደጋው ተቃራኒው ነው። ደብረ ታቦር ላይ አስተካክለህ ወደ ቆላ፣ ወደ መተማ ብትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንስበታል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ሁልጊዜ ከምትሄድባቸው ቦታዎች ዝቅ ላለው አስተካክል።

ካንዴላውን የምታነበው በትክክለኛው ጊዜ ይሁን። ዳገት ላይ ጋዝ ሰጥተህ እየነዳህ ሳለ ፍሪሲዮኑን ያዝና ሞተሩን በዚያው አጥፋ። ዳር ያዝ፣ ሲበርድ ፍታው። ሸክላው ቡናማ ከሆነ ደስ ይበልህ። ነጭ ከሆነ ሌላ አንድ ኪሎ ሜትር አትሂድ። ነጭ ሲሆን ደግሞ ሁልጊዜ ጂግለሩ ነው አትበል። የክራንክ ሻፍቱ ኦይል ሲል፣ ዳሩን የሚዘጋው ላስቲክ፣ ወይም የካርቡራተሩ ላስቲክ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። የቆመ ሞተር ስለሆነ ሁለቱንም ኦይል ሲሎች ከመግጠምህ በፊት ቀይራቸው። ርካሽ ዕቃ ናቸው፤ ያልቀየራቸው ሰው የሚከፍለው ፒስተንና ሲሊንደር ነው።

ፍሬኑን ቀይር። ይህ ላይ አልከራከርም። ቱ ስትሮክ ጋዝ ስትለቅለት እንደ ድሮው ሞተርህ አይዝልህም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ያን ሁሉ ቁልቁለት የምትወርደው በፍሬን ብቻ ነው። ከበሮው ሲግል ይለቃል። ዲስክ ያለው የፊት ሹካ ከነቸርኬው፣ ከነፓምፑ ፈልግ፤ ከወደቁት ሞተር ሳይክሎች ላይ ይገኛል። ሹካው የተጣመመ አለመሆኑን መስታወት ላይ አንከባለህ እይ። ስትወርድም ጋዙን ዘግተህ አትቅር። ዘይቱ የሚሄደው ከጋዙ ጋር ነው፤ ፓምፑ ራሱ ከጋዙ ገመድ ጋር ታስሯል። አልፎ አልፎ ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ስጠው፣ ሲሊንደሩ ዘይት ያግኝ።

ገንዘቡ አንዱን እንድትመርጥ ካስገደደህ ዲስኩን አስቀድምና ቀለሙን ለሌላ ጊዜ ተወው።

መብራቱን ረስቼው ነበር። የዲቲው ኮይል 6 ቮልት ይሁን 12 ሞተሩ ሲነሳ በመለኪያ እይ። የድሮዎቹ 6 ናቸው። 6 ከሆነ የቻይናዋ አምፖሎችና ባትሪ አይሠሩልህም። አምፖሎቹን በ6 ከመቀየር ኮይሉን ቦቢና ለሚጠመጥም ሰው ወስደህ በ12 ማስጠምጠም ይሻላል፤ ባሕር ዳር ውስጥ የሚጠመጥሙ አሉ። ሬጉሌተሩንም አብረህ ቀይር።

የሽምብጥ ልጅ፦

ጋሼ፣ ኮይሉ 6 ነው፤ ከሥር ተጽፎበት አየሁት። ሊጠመጠም ሰጥቻለሁ። ማስነሻው መርገጫውን ነክቷል፣ መርገጫውን በሁለት ጣት ያህል ወደ ታች አወረድኩት። የሥረኞቹን ቱቦዎች ከወደቀ ሞተር ሳይክል ቆርጬ አምጥቻለሁ። በያጁ ቅዳሜ ነጻ ነው። ነጥብ ነጥብ ብቻ አስይዤ ፎቶ እልክልዎታለሁ፤ እርስዎ አይተው ይሁን ሳይሉኝ ሙሉ ብየዳ አላስይዝም።

የድሮ ያማሃ፦

ላክልኝ። ከጎን አንድ፣ ከላይ አንድ፣ ፕሮፋይሉ ስፕሮኬቶቹ ላይ እንደተያዘ አንድ። ከላይ የምታነሳው ጀርባዋን ይዞ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ ይታይ። ሽምብጥ ከሆንክ ሩቅ አይደለሁም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሆነ መጥቼ አየዋለሁ።